ቆጠራ ሂስ አይደለም፤ «የዓመቱ ምርጥ ዘፈን» በማን ሚዛን?

በያመቱ መገባደጃ ላይ አንድ ልማድ ይደጋገማል። በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና ሬዲዮ ጣቢያዎች «የዓመቱ ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ዝርዝር ያወጣሉ። ዘፈኖቹ «ኢንዲ» እና «ፖፕ» እየተባሉ ይከፈላሉ፤ ከአንድ እስከ ኀምሳ ወይም ከአንድ እስከ መቶ በተራ ቁጥር ይደረደራሉ። አንባቢው የሚወደውን ዘፈን በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘ ይደሰታል፤ ካጣው ይቆጣል። ዘፈኑን ማን እንደ መረጠው፣ በምን ሚዛን እንደ መዘነውና ስለምን ከሌላው እንዳስበለጠው የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ይሆናል።

አንዳንድ ወገኖች «ዘፈን መዝናኛ ነው፤ የወደደ ይውደድ፣ የጠላ ይጥላ፤ ክርክር የሚያሻው ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። ይህ አባባል ላይ ላዩን ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን ኀላፊነትን መሸሽ አለ። ምርጫ ማለት የማስታወስና የመርሳት ሥራ ነውና። በአንድ ዓመት ከሚወጡት እልፍ አእላፍ ዘፈኖች መካከል የትኛው እንደሚታወስና የትኛው እንደሚረሳ የሚወስን ሰው ወይም ድርጅት በሕዝብ የጋራ ትዝታ ላይ ሥልጣን ይዟል። ሥልጣን ባለበት ሁሉ ተጠያቂነት ሊኖር ይገባል። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ አንድ ነው፤ ቆጠራ የሂስን ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ ስሙንና ምክንያቱን የማይገልጽ መራጭም፣ ነጋዴም ይሁን ቢሮ፣ በኪነ ጥበብ ላይ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይገባውም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚዛኑ ባለቤት

የነገሩን ሥር ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የንግድ መጽሔት በ1940 በአገሪቱ በብዛት የተሸጡ ሸክላዎችን በደረጃ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማውጣት ጀመረ። በ1958 ደግሞ «ሆት 100» የተባለውን፣ እስካሁን በስፋት የሚጠቀሰውን ሰንጠረዥ አቋቋመ። መጽሔቱ የተዘጋጀው ለሙዚቃ ተማሪ ሳይሆን ለነጋዴ ነው። ሸክላ ቸርቻሪው የትኛውን ዕቃ በብዛት ማዘዝ እንደሚያዋጣው፣ በየቡና ቤቱ ሳንቲም እየበሉ የሚዘፍኑ የሙዚቃ ሣጥኖች ያሉትም ባለሀብት የትኛውን ሸክላ ቢያስገባ እንደሚያተርፍ ያውቅበት ዘንድ ነበር። ለዚህ ዓላማ ሲውል ሰንጠረዡ ነውር የለበትም። የእህል ነጋዴ የጤፍን ዋጋ ጠይቆ ወደ ገበያ ቢወጣ ማን ይወቅሰዋል? ነውሩ የሚጀምረው የገበያው ወሬ የጥበብ ፍርድ ሆኖ ሲቀርብና «ብዙ ተሸጠ» የሚለው ቃል «መልካም ነው» በሚለው ቃል ሲተካ ነው።

ደግሞስ ሚዛኑ ራሱ ቀና ነበርን? በ1959ና በ1960 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት የተካሄደው ምርመራ የሸክላ ኩባንያዎች ዘፈኖቻቸው በሬዲዮ እንዲደጋገሙላቸው ለአሰናጆች በድብቅ ገንዘብ ይከፍሉ እንደ ነበር በአደባባይ አጋለጠ። «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውን መጠሪያ በማስፋፋት ስመ ጥር የነበረው የሬዲዮ አሰናጅ አላን ፍሪድ በ1962 ጥፋተኛነቱን አምኖ የ300 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት፤ የሙያ ሕይወቱም በዚያው ተበላሸ። ጉቦውን የከፈሉት ኩባንያዎች ግን ንግዳቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ አድማጩ «እኔ መረጥኩት» ብሎ ወደ ሱቅ ሄዶ የገዛው ሸክላ፣ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በገንዘብ የመረጠለት ነበር ማለት ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። እስከ 1991 ድረስ የሽያጭ ሰንጠረዦቹ የሚዘጋጁት የሸክላ ቤት ሠራተኞች በሚሰጡት ግምት ነበር። በዚያ ዓመት በየሱቁ ያሉ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎች የሚያነቡት ቁጥር ግምቱን ሲተካ የሰንጠረዡ መልክ ባንድ ጊዜ ተለወጠ። ግምት ሰጪዎቹ ዝቅ አድርገው ሲያዩዋቸው የኖሩት የጥቁር ወጣቶች ራፕና «ካንትሪ» የሚባለው የገጠሩ ሕዝብ ሙዚቃ ወደ ላይ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ከካሊፎርኒያዋ ኮምፕተን ከተማ የተነሣው ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የራፕ ቡድን ያወጣው አልበም አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የ1991 ለውጥ የሚያረጋግጠው ሐቀኛ ቆጠራ ከሐሰተኛ ግምት እንደሚሻል ነው። የተናቀውን ሕዝብ ጣዕም ከተደበቀበት አውጥቷል። ስለዚህ ቁጥርን መናቅ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ቁጥር የሚናገረው ምን ያህል ሰው እንደ ገዛ ብቻ ነው። ስለ ዜማው አዲስነት፣ ስለ ግጥሙ እውነተኛነት፣ ስለ ድምፃዊው ብቃት አንዲት ቃል አይተነፍስም። ቁጥር ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ግን አይደለም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ፍርድ

ልዩነቱን ለማየት የ1982ን ዓመት መመርመር ይበቃል። በዚያ ዓመት ግራንድ ማስተር ፍላሽ ኤንድ ዘ ፊዩሪየስ ፋይቭ የተባለው ቡድን «ዘ ሜሴጅ» የተሰኘውን ዘፈን አወጣ። ያሳተመው ሹገር ሂል የተባለ፣ በኒው ጀርሲ የሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ነበር። ዘፈኑ የሚናገረው ስለ ፓርቲና ስለ ጭፈራ ሳይሆን፣ በድሃው ሰፈር ስለ ተሰባበረ መስኮት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ሥራ ማጣትና ተስፋ ስለ ቆረጠ ወጣት ነው። በቢልቦርድ ሆት 100 ላይ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 62ኛ ነበር። መጽሔቱ በዓመቱ ማጠቃለያ ላይ አንደኛ ያደረገው የኦሊቪያ ኒውተን ጆንን «ፊዚካል» ነው።

በዚያው ዓመት «ቪሌጅ ቮይስ» የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሙዚቃ ሐያስያንን ድምፅ ሰብስቦ ነበር። ሐያሲው ሮበርት ክሪስጋው በ1971 የጀመረውና ከ1974 አንሥቶ በያመቱ የተካሄደው ይህ ምርጫ የራሱ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ሐያሲ ዐሥር አልበሞችን ይመርጣል፤ 100 ነጥብ ይሰጠውና ለአንዱ አልበም ከ30 ሳያስበልጥ፣ ከ5 ሳያሳንስ ያከፋፍላል። ለነጠላ ዘፈኖችም ከ1979 ጀምሮ የተለየ ምርጫ ይደረግ ነበር። የሐያስያኑ አስተያየት ከውጤቱ ጋር በጋዜጣው ላይ ይታተማል። በ1982 የነጠላ ዘፈኖች ምርጫ አንደኛ የወጣው በገበያው 62ኛ የነበረው «ዘ ሜሴጅ» ነበር።

ማን ትክክል ነበር? ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ያላቸውን የመጀመሪያዎቹን 50 የድምፅ ቅርሶች ሲመርጥ «ዘ ሜሴጅ»ን ከመካከላቸው አስገብቶታል። ይህ የሚያሳየው ሐያስያን ከቶ አይሳሳቱም ማለትን አይደለም። የሚያሳየው ምክንያቱን ጽፎ የሚመርጥ ሰው፣ የሱቅ ሒሳብ የማያየውን ነገር ሊያይ እንደሚችል ነው።

ሐያስያንም ቢሆኑ ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። አብዛኞቹ ድምፅ ሰጪዎች ነጭ ወንዶች፣ በትላልቅ ከተሞች የሚኖሩና አንድ ዐይነት ትምህርት የቀሰሙ ስለ ነበሩ ጣዕማቸው ጠባብ ነው የሚል ክስ ደጋግሞ ቀርቦባቸዋል፤ ክሱም መሠረት አለው። በብሪታንያም በቢቢሲ ሬዲዮ የሚያሰናዳው ጆን ፒል ከ1976 ጀምሮ አድማጮቹ ኀምሳ ዘፈኖችን እንዲመርጡ ያደርግ ነበር፤ ከ1982 ወዲህ ምርጫው በዓመቱ ዘፈኖች ላይ ተወሰነ። ፒል በፕሮግራሙ ላይ የጃማይካን ሬጌ፣ የዚምባብዌን ጊታርና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ሁሉ ያሰማ ነበር። አድማጮቹ ግን ድምፅ ሲሰጡ በአብዛኛው ጊታር ወደሚጫወቱ የእንግሊዝ ወጣቶች ያዘነብሉ ነበር፤ አሰናጁም በዚህ ውጤት ቅር እንደሚሰኝ አልሸሸገም። ጉቦ ባልተከፈለበት፣ የንግድ ማስታወቂያ በሌለበት ጣቢያ እንኳ የብዙኀን ድምፅ የለመደውን መልሶ ይመርጣል ማለት ነው።

ታዲያ በሐያሲና በቆጠራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሐያሲው ሲሳሳት ስሕተቱ ይታያል። ስሙ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ተጽፏል፤ ስለዚህ ሌላው ተነሥቶ ሊሞግተው ይችላል። ቁጥር ግን ሙግት አይቀበልም። «ይህን ያህል ሚሊዮን» ካለ በኋላ ጸጥ ይላል። ሂስ የሚያድገው በክርክር ነው፤ ክርክር በሌለበት ጣዕም አይሠለጥንም።

ነጻነት ስም ብቻ ሲሆን

በየዝርዝሩ ላይ «ኢንዲ» የሚለው ቃል ይገኛል። ቃሉ «ነጻ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። ነጻነቱ ከማን ነው? ይህን ጥያቄ የዛሬ ዝርዝር አውጪዎች ዘንግተውታል።

በ1976 መጨረሻ በዝኮክስ የተባሉ የማንቸስተር ወጣቶች ከዘመድ ወዳጅ 500 ፓውንድ ያህል ተበድረው አራት ዘፈኖችን ቀረጹ፤ «ስፓይራል ስክራች» ብለው በ1977 መጀመሪያ ራሳቸው አሳተሙ። መጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ሸክላው በሺዎች ተሸጠ። ከሽያጩ ይልቅ ትልቁ ነገር ግን፣ ታላላቅ ኩባንያዎችን ሳይለምኑ ሸክላ ማውጣት እንደሚቻል ማረጋገጡ ነው። በ1978 ደግሞ መጠሪያውን ከኢጣሊያዊው አሳቢ ከአንቶኒዮ ግራምሺ የፖለቲካ ጽሑፎች የወሰደው ስክሪቲ ፖሊቲ የተባለው ቡድን በመጀመሪያው ሸክላው ሽፋን ላይ ለመቅረጫ ክፍሉ፣ ለሸክላው ማተሚያና ለመሳሰለው ያወጣውን ወጪ ዘርዝሮ አተመ። የምርት ምስጢር ለአድማጩ ተገለጠለት። «እናንተም ትችላላችሁ» ማለት ነበር።

በጥር 1980 የነጻ አሳታሚዎች ልዩ የደረጃ ሰንጠረዥ በብሪታንያ ሲቋቋም መስፈርቱ ግልጽ ነበር። የሚታየው የዘፈኑ ዐይነት ሳይሆን ሸክላው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች የማከፋፈያ መረብ ውጭ ለገበያ መቅረቡ ነው። ማለትም «ኢንዲ» የሚለው ቃል የምርት ግንኙነትን እንጂ የጊታር ድምፅን አያመለክትም ነበር። በዚህም የተነሣ በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ የካይሊ ሚኖግ የጭፈራ ዘፈኖች በነጻ አከፋፋይ በኩል ይሸጡ ስለ ነበር በዚሁ ሰንጠረዥ ላይ ተሰለፉ። ብዙዎች ሳቁ፤ ተቆጡም። ቁጣው አንድ እውነት አጋለጠ፤ ሰዎቹ «ነጻ» የሚሉት ስለ ባለቤትነት ሳይሆን ስለ ልብስ፣ ስለ ጠጉርና ስለ ጊታር ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን ይዞ ቀረ። ታላላቆቹ ኩባንያዎችም ገለባውን አንሥተው በሸቀጣቸው ላይ ለጠፉት። ስለዚህ ዛሬ «የዓመቱ ምርጥ የኢንዲ ዘፈን» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ዘፈኑ የማን ንብረት ነው?» ብሎ ነው።

ቆጠራውም ቢሆን ከዘመኑ ጋር መልኩን ለውጧል። በየካቲት 2013 ቢልቦርድ በዩቲዩብ የሚታዩ ቪዲዮዎችን በሆት 100 ስሌት ውስጥ ማስገባት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ባወር የተባለ ወጣት ከአንድ ዓመት ያህል በፊት በአነስተኛ አሳታሚ በኩል ያወጣው «ሃርለም ሼክ» በቀጥታ አንደኛ ሆነ። ያደረሰው ሙዚቃው ብቻ አልነበረም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግማሽ ደቂቃ በምታህል ቁራጩ ላይ እየዘለሉ የቀረጿቸው አስቂኝ ምስሎች ናቸው። የዘፈን ሚዛን የሳቅ ሚዛን ሆነ። በሌላ በኩል፣ ከ2024 ጀምሮ ታላቁ የኢንተርኔት የሙዚቃ ማዳመጫ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቅጂው ገቢ እንዳይካፈል ደንብ አውጥቷል። ቁጥር ደረጃ መስጠቱ አልበቃ ብሎት ለታናሹ ሠዓሊ ድምፅ የደመወዝ ከልካይ ሆነ ማለት ነው። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል፤ የሚሊዮኖች ግርግርም ለማን እንደሚመች ከዚህ ይታያል።

በአገር ቤት

ጉዳዩ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ተሳስቷል። «ነጻ አሳታሚ» የሚባለው ነገር ከማንቸስተር ወጣቶች ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ በአዲስ አበባ ታይቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ይህን ሞኖፖል ጥሰው በስማቸው የሚጠራውን የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎችን አሳተሙ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ከሚሰሙት መካከል ናቸው። በ1975 አቶ አምሃ አገር ለቅቀው ወጡ።

ይህ ታሪክ ለካድሬውና ለባህል ባለሥልጣኑ መራራ ትምህርት አለው። የነጋዴ ሚዛን መኮነኑ የቢሮን ሚዛን አያጸድቅም። በዚያ ዘመን የማሳተም መብት የነበረው ማኅበር ብቻውን መራጭ ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ አገሪቱ የምትኮራባቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ በሸክላ ላይ ባልቀሩ ነበር። የትኛው ድምፅ ተቀርጾ እንዲቀመጥ ያስቻለው ደንቡን ያልጠበቀ አንድ ወጣት ነው። ከላይ በወረደ ስልክ የተዘጋጀ «የዓመቱ ምርጥ» በጉቦ ከተዘጋጀው የሚለየው በከፋዩ ብቻ ነው። ሁለቱም ምክንያታቸውን አይናገሩም።

ሌላም ምሳሌ አለ። አንጋፋው ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሆኖ የተጫወተው «እሬ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ በ1975 ወጣ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂግ አነስተኛ አሳታሚ እንደ ገና አሳትሞ ለአውሮፓ ጆሮ አቀረበው። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮም «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው ተከታታይ እትም የዘመኑ ዘፈኖች በዓለም ዙሪያ ተሰራጩ። እንግዲህ አንድ ዘፈን ለአሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ሳይሰማ ቆይቶ ኋላ ላይ ድንቅ ሲባል፣ ያስደነቀው በዚያው ዓመት የተወለደ አዲስ ነገር አልነበረም። በዘፈኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። ለምን ድንቅ እንደ ሆነ በዜማው፣ በአጃቢው አደራደርና በድምፃዊው ቅላጼ አስረድቶ በጊዜው የጻፈ ሂስ በብዛት ቢገኝ ኖሮ፣ የኢትዮጵያ አንባቢ የራሱን ሀብት ዋጋ ከውጭ ሰው አፍ ለመስማት ባልተገደደ ነበር። የደረሰው ጉዳት ይህ ነው። ሂስ ያላበጀ ሕዝብ የገዛ ትዝታውን በሌላው ሚዛን ያስመዝናል።

ዛሬስ? «ዘፈኑ በሳምንት ይህን ያህል ሚሊዮን ታየ» የሚለው ወሬ የሂስን ወንበር ይዟል። ድምፃዊው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ቁጥር ይጠራል፤ ጠያቂውም ቁጥሩን ሰምቶ ያጨበጭባል። ስለ ቅኝቱ፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ አቀናባሪው ድርሻ የሚነሣ ጥያቄ የለም።

ምን መደረግ አለበት?

የዓመቱን ዘፈኖች መምረጥ መጥፎ ሥራ አይደለም። መልካምም አስፈላጊም ነው፤ ነገር ግን በሥርዓት ሲሆን ነው።

አንደኛ፣ መራጩ በስሙ ይምረጥ፤ ምን እንደ ሰማና ምን እንዳልሰማም ይግለጽ። በአንድ ከተማና በአንድ ቋንቋ የወጡትን ብቻ ሰምቶ «የአገሪቱ ምርጥ» ማለት ሐሰት ነው። የአዲስ አበባን ዘፈን የሰማ የአዲስ አበባን ይበል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት ይኑረው። ምክንያቱም «ደስ ይላል» የሚል ሳይሆን ሊመረመር የሚችል ይሁን። ዘፈኑ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይስ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው? ቅኝቱን እንደ ነበረ ደገመው ወይስ አዲስ መንገድ አሳየው? ግጥሙ የቤት መምቻ ማሟያ ነው ወይስ የሚናገረው አለው? አቀናባሪውና ተጫዋቾቹስ እነማን ናቸው?

ሦስተኛ፣ ዘፈኑ በማን ገንዘብ እንደ ተሠራና ገቢው ለማን እንደሚሆን ይነገር። የወጪ ዝርዝራቸውን በሸክላ ሽፋን ላይ ያተሙት ወጣቶች ያስተማሩት ትምህርት ይህ ነው።

አራተኛ፣ ዝርዝሩ ከዐሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ይታይ። የተሳሳተው ይታረም፤ የተዘነጋው ይነሣ። ምክንያቱ ካልተጻፈ ግን ስሕተቱን እንኳ ማረም አይቻልም።

በዚህ ሥራ መምህሩ የመጀመሪያውን ድርሻ ይይዛል። ተማሪዎቹ የዓመቱን አምስት ዘፈኖች መርጠው ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ምክንያት እንዲጽፉ፣ ጓደኞቻቸውም እንዲሞግቷቸው ቢያደርግ የሂስ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። ካድሬው የሚጠበቅበት የምርጫውን መድረክ ማደላደል ነው፤ ውጤቱን መወሰን አይደለም። ሠዓሊው ደግሞ ጭብጨባን ከፍርድ መለየት አለበት። ጭብጨባ እጅ ሲዝል ያቆማል፤ በምክንያት የተጻፈ ፍርድ ግን፣ ቢመርም እንኳ፣ ሥራውን ያቃናለታል።

ሰፊው ሕዝብ አያውቅም የሚል በዚህ ክርክር ውስጥ የለም። ሕዝብ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ያቀረቡለትን ነው። ያልቀረበለትን ሊመርጥ፣ ያልሰማውን ሊወድ አይችልም። የሂስ ተግባር በሕዝቡ ፋንታ መምረጥ ሳይሆን፣ ያልተሰማውን ዘፈን ከሕዝቡ ጆሮ ማድረስና ምክንያቱን በግልጽ አስረድቶ ፍርዱን ለሰሚው መተው ነው። ይህ እስካልሆነ ድረስ በያመቱ የሚወጣው ዝርዝር የገበያ ደረሰኝ እንጂ የጥበብ ፍርድ ሊባል አይችልም።